እርግጠኛ ያልሆነው ማን ነው?

ከኳንተም ፊዚክስ ሐሳቦች ሁሉ እንደ ኢ-እርግጠኝነት መርህ በስሙ የተነገደበት የለም። ጀርመናዊው ቨርነር ሃይዘንበርግ መርሁን ያሳተመው በ1927 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ኒልስ ቦር ይመራው በነበረው የኮፐንሃገን ተቋም ሲሠራ ነው። የሚለውም አጭር ነው። የአንድ ቅንጣት ቦታ በጠባብ ክልል በተወሰነ መጠን ሞመንተሙ፣ ማለትም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኘው፣ እየሰፋ ይሰራጫል፤ የሁለቱ ስርጭቶች ብዜትም ከአንድ ቁጥር በታች አይወርድም። ቁጥሩ የፕላንክ ቋሚ ለአራት ፓይ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከዚህ ተነስቶ «ማንኛውም ነገር ሲመለከቱት ይለወጣል»፣ «እውነት እንደ ተመልካቹ ነው»፣ «ሳይንስም በመጨረሻ እጁን ሰጠ» ወደሚሉ ድምዳሜዎች የሚያደርስ መንገድ የለም። ሆኖም ከዘጠና ዓመት በላይ ሲረገጥ የኖረ መንገድ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ከፊዚክስ ውጭ ባሉ ሰዎች ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም፤ መንገዱን መጀመሪያ የጠረጉት የፊዚክስ መምህራን ናቸው።

የጠረጉበት መሣሪያ የሃይዘንበርግ ማይክሮስኮፕ የሚባለው የሐሳብ ሙከራ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት እንዲህ ይተረካል፦ ኤሌክትሮን ለማየት ብርሃን ማብራት ያስፈልጋል፤ ቦታውን አጥርቶ ለማየት የሞገድ ርዝመቱ አጭር የሆነ ብርሃን፣ ለምሳሌ ጋማ ጨረር፣ ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ግን ኤሌክትሮኑን በኃይል ይገፋዋል፤ ስለዚህ ቦታውን ያገኘ ፍጥነቱን ያበላሻል። ትረካው ለመምህሩ ይመቻል፣ ተማሪውም ቶሎ ይቀበለዋል። ችግሩ ውሃ የማያነሳ መሆኑ ነው። ግፊቱ ስንት እንደሆነ ከታወቀ መቀነስ ይቻላልና ግፊት ብቻውን ምንም አያስረዳም። ዋናው ነጥብ ብርሃኑ በሌንሱ ስፋት ውስጥ በየትኛው አቅጣጫ እንደገባ የማይለይ መሆኑ ነው። ሃይዘንበርግ ራሱ ይህን ዘንግቶት ነበር። ስህተቱን ያሳየው ቦር ሲሆን፣ ሃይዘንበርግም ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የእርማት ማስታወሻ ጨመረበት። ነገሩን የባሰ የሚያደርገው በ1923 ሙኒክ ላይ ለዶክትሬት ሲፈተን ስለ ማይክሮስኮፕ የመለየት አቅም ተጠይቆ መመለስ አቅቶት፣ በዝቅተኛ ማለፊያ ውጤት መውጣቱ ነው። የዚያ ፈተና ጥላ ዛሬም በክፍል ውስጥ እንደ ዋና ማብራሪያ ይሰጣል።

የማይክሮስኮፑ ትልቁ ጉዳት ሳይናገር የሚያስተምረው ነገር ነው። ተማሪው ኤሌክትሮኑ አስቀድሞ ልክ የሆነ ቦታና ልክ የሆነ ፍጥነት እንደነበረው፣ እነዚህንም የሰው እጅ ሻካራነት እንዳበላሻቸው ያስባል። መርሁ ይህን አይልም። እዚያው 1927 ኧርል ኬናርድ ዛሬ የሚታወቀውን የመርሁን ጥብቅ ቀመር በሒሳብ አረጋገጠ፤ በ1929 ሃዋርድ ሮበርትሰን ለሌሎች የልኬት ጥንዶችም አሰፋው። በሁለቱም ማረጋገጫዎች ውስጥ ማይክሮስኮፕ የለም፤ ግፊት የለም፤ ተመልካችም የለም።

የማረጋገጫዎቹ ትርጉም በተግባር እንዲህ ይታያል። አንድ ዓይነት አዘገጃጀት የተደረገላቸው 10,000 ኤሌክትሮኖች አሉ እንበል። ከእነሱ 5,000ው ቦታቸው ብቻ ይለካል፤ ፍጥነታቸውን የሚነካ የለም። የቀሩት 5,000 ደግሞ ሞመንተማቸው ብቻ ይለካል፤ ስለ ቦታቸው የሚጠይቅ የለም። ሁለት ጊዜ የተለካ አንድም ኤሌክትሮን የለም፤ ስለዚህ አንዱ ልኬት ሌላውን አበላሸ የሚባልበት ቀዳዳ ተዘግቷል። መለኪያዎቹም የቱንም ያህል ጥሩ ይሁኑ። ከዚያ የመጀመሪያው ክምር የቦታ ስርጭት በሁለተኛው ክምር የሞመንተም ስርጭት ይባዛል። ውጤቱ ከተባለው ቁጥር በታች ወርዶ አያውቅም። ገደቡ የተቀመጠው ኤሌክትሮኖቹ ሲዘጋጁ ነው፤ ለኪው ሲመጣ ነገሩ አልቋል። «ብናየው ነው የተበላሸው» የሚለው ማብራሪያ በዚህች አንዲት ሙከራ ይወድቃል፤ ሆኖም ሙከራዋን ከመግቢያ መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው።

ገደቡ ከየት መጣ ለሚለው መልሱ ከሞገድ ነው፤ ለዚህም ጆሮ ከዓይን ይልቅ ይረዳል። አንድ ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይነዝራል፤ ሌላው 450 ጊዜ። ሁለቱ የማሲንቆ ድምፆች አንድ ሰከንድ ቢቆዩ የአሥር ንዝረት ልዩነት ስላላቸው ለመለየት አይቸግሩም። እያንዳንዳቸው ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቢሰሙ ግን የመጀመሪያው 4.4፣ ሁለተኛው 4.5 ጊዜ ነዝሮ ያበቃል። በአንድ አሥረኛ ንዝረት ልዩነት ቃና አይለይም። የከበሮ ምት መቼ እንደተመታ በትክክል ይታወቃል፤ ቃናው ግን ስንት ነው ቢባል አንድ ቁጥር የለውም። ይህ የአድማጭ ጉድለት አይደለም፤ አጭር ድምፅ በራሱ ከብዙ ድግግሞሾች የተሠራ ስለሆነ ነው። ሉዊ ደ ብሮይ በ1924 የቅንጣት ሞመንተም ከሞገድ ርዝመቱ ጋር በፕላንክ ቋሚ የተሳሰረ መሆኑን አቅርቦ ነበርና፣ የድምፁ ጉዳይ ወደ ኤሌክትሮን ሲሻገር የሃይዘንበርግ መርህ ሆኖ ይወጣል። በአጭር ቦታ የታጠረ ሞገድ አንድ የሞገድ ርዝመት የለውም። የተሰወረ ቁጥር ስላለ አይደለም፤ ቁጥሩ ስለሌለ ነው።

ስሙም የራሱን ጥፋት አድርሷል። እርግጠኝነት የሰው ልብ ጉዳይ ነው፤ ኤሌክትሮን አይጠራጠርም። ሃይዘንበርግ በ1927ቱ ጽሑፍ አብዝቶ የተጠቀመባቸው የጀርመንኛ ቃላት «ልክ አለመሆን» እና «ተለይቶ አለመወሰን» ለማለት የቀረቡ ሲሆኑ፣ ጀርመኖች ዛሬ የሚሉት «የብዥታ ዝምድና» የሚል መልክ ያለው ቃል ነው። ጥርጣሬ የሚሸተው ስም የገነነው በእንግሊዝኛ፣ በተለይም በ1930 የቺካጎ ንግግሮቹ ሲተረጎሙ ነው፤ አማርኛም «ኢ-እርግጠኝነት» የሚለውን የወረሰው ከዚያው ነው። «አለመወሰን» ማለትም አይበጅም፤ ውሳኔ ያቃተውን ሰው ያስታውሳል። «ብዥታ»ም ቢሆን የተመልካቹን ዓይን ያማል። «የስርጭት ወሰን መርህ» ቢባል ለጆሮ ባይጥምም አይዋሽም።

ሌላው የሚረሳው ነገር መጠን ነው። የፕላንክ ቋሚ በጁል ሰከንድ ሲጻፍ ከነጥብ በኋላ 33 ዜሮዎች አልፈው 66 የሚል ቁጥር ይመጣል። 430 ግራም የሚመዝን የእግር ኳስ ቦታው በአንድ ሚሊዮንኛ ሜትር ተወስኖ ተቀምጧል ቢባል፣ መርሁ የሚያስገድደው የፍጥነት ስርጭት ተግባራዊ ትርጉም የለውም። ኳሱ በዚያ ፍጥነት የዩኒቨርስን ዕድሜ ሙሉ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ ቢጓዝ የሚያልፈው ርቀት የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ስፋት ግማሽ ያህል ነው። በአቶም ስፋት የታጠረ ኤሌክትሮን ግን የፍጥነት ስርጭቱ በሰከንድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መርሁ ለኳሱም ለኤሌክትሮኑም እኩል ይሠራል፤ ክብደቱ የሚሰማው ግን አንዱ ጋ ነው። ቁጥሩን ጥሎ ቃሉን ብቻ ይዞ ወደ ገበያ፣ ወደ ፖለቲካና ወደ ትዳር የሚሮጥ ሰው መርሁን ሳይሆን ስሙን ነው የተሸከመው።

ለማይክሮስኮፑ ወገን አንድ ሐቅ መተው ግፍ ይሆናል። መለካት የሚለካውን ነገር መረበሹ እውነት ነው፤ ኳንተም ፊዚክስም ስለዚህ የሚለው አለ። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሌላም ቀመር ይፈልጋል። ጃፓናዊው ማሳናኦ ኦዛዋ በ2003 የስህተትና የረብሻ ብዜት ከሃይዘንበርግ ገደብ በታች ሊወርድ እንደሚችል የሚያሳይ አዲስ ቀመር አቀረበ፤ በ2012 ቪየና ላይ በኒውትሮን፣ ቶሮንቶ ላይ በብርሃን ቅንጣቶች የተደረጉ ሙከራዎች ደገፉት። በ2013 ፖል ቡሽና ባልደረቦቹ «ስህተት» እና «ረብሻ» በሌላ መንገድ ከተተረጎሙ አሮጌው ገደብ እንደሚጸና አረጋገጡ። ክርክሩ ስለ ትርጓሜ ነው። በ1927ቱ የኬናርድ ቀመር ላይ ግን ማንም አልተከራከረም፤ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ይህ መደባለቅ ከክፍል ሲወጣ ምን እንደሚሆን ታሪኩ ረጅም ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ አዲሱ ፊዚክስ ለነጻ ፈቃድና ለሃይማኖት በር እንደከፈተ አድርጎ ጻፈ። ፈላስፋዋ ሱዛን ስቴቢንግ በ1937 ሙሉ መጽሐፍ ጽፋ እሱንና የሙያ አቻውን ጄምስ ጂንስን ሞገተች። ሙግቱ ኤዲንግተን ሊመልሰው የሚችል አይደለም፤ በዕጣ የሚወዛወዝ እጅ በግድ ከሚወዛወዝ እጅ የበለጠ ነጻ አይደለምና። ባለሀብቱ ጆርጅ ሶሮስ ደግሞ በ2013 በታተመ ጽሑፉ «የሰው ልጅ ኢ-እርግጠኝነት መርህ» የሚል ስም አወጣ። ሐሳቡ የገበያተኞች ግምት ራሱ ገበያውን ይለውጣል የሚል ነው፤ በራሱ እግር የሚቆም፣ ሊመረመርም የሚገባው ሐሳብ ነው። የሃይዘንበርግ ስም ግን ሰንቲም አልጨመረለትም።

ከሁሉም የተለመደው የማኅበራዊ ጥናት አባባል ነው፦ ሰዎች እየተጠኑ መሆናቸውን ሲያውቁ ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ ሃይዘንበርግም ይህን አረጋግጧል። የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ቆጣሪ ደጃፉ የደረሰበት ገበሬ የከብቱን ቁጥር አሳንሶ ይናገራል። ይህ ግን ግብርን መፍራት ነው፤ ኳንተም አይደለም። ገበሬው ቆጣሪው ሳይመጣም በበረት ውስጥ ቁርጥ ያለ የከብት ቁጥር አለው፤ ብልህ ጠያቂም ዘዴ ቀይሮ ሊደርስበት ይችላል። የኤሌክትሮኑ ሁኔታ ተቃራኒው ነው፦ የሚደበቅ ነገር ስለሌለው በብልሃት የሚገኝ ነገርም የለውም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ተመራማሪውን ይጎዳል፤ ሊታረም የሚችለውን የመጠይቅ ስህተት የተፈጥሮ ሕግ አስመስሎ እንዲተወው ሰበብ ይሰጠዋልና።

«ሳይንስ እጁን ሰጠ» የሚለው ደግሞ መርሁ በተጨባጭ ከሚሠራው ሥራ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። አቶም የማይፈርሰው በእሱ ነው። ኤሌክትሮኑ ወደ ኒውክለሱ በተጠጋ ቁጥር በመሳሳብ የሚያተርፈው ጉልበት አለ፤ ክልሉ ሲጠብ ግን የሞመንተም ስርጭቱ ስለሚሰፋ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ከትርፉ በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል። ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ርቀት ሲሰላ የሃይድሮጅን አቶም መጠን ይወጣል፤ ድንጋይ ድንጋይ ሆኖ መቀመጡ፣ ወንበር ሰው መሸከሙም መነሻው እዚያ ነው። ሂልየም በተራ የአየር ግፊት ወደ ፍጹም ዜሮ ሙቀት ቢጠጋም አይረጋም፤ ጠጣር ለማድረግ ወደ 25 እጥፍ የአየር ግፊት ያስፈልጋል፤ አቶሞቹን በቦታቸው አርፈው እንዳይቀመጡ የሚከለክላቸው ይኸው ገደብ ነው።

የምሕንድስናው ምሳሌ ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። አሜሪካ ያሉት የላይጎ የስበት ሞገድ መለኪያዎች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ክንዶች ውስጥ ከፕሮቶን ስፋት ሺህኛ በታች የሆነ የርዝመት ለውጥ ይከታተላሉ። እዚያ ደረጃ ላይ የብርሃኑ የራሱ የኳንተም መዋዠቅ ልኬቱን ይሸፍነዋል። መሐንዲሶቹ እጃቸውን አልሰጡም፤ ከ2019 ጀምሮ የተጨመቀ ብርሃን የሚባለውን ወደ መሣሪያው ያስገባሉ። ብርሃን እንደ ቦታና ሞመንተም የተጣመሩ ሁለት ባሕርያት አሉት፤ የሚፈለገውን መዋዠቅ ይጨምቁታል፣ የማይፈለገው ይበልጥ ያብጣል፣ ብዜታቸው ከገደቡ በላይ ይቆያል። ገደቡ ልክ እንደ በጀት ነው የሚያገለግለው፤ ከአንዱ ተቆርጦ ለሌላው ይመደባል። በጀት የሚመደበው ደግሞ ቁጥሩ በትክክል ሲታወቅ ነው።

የፊዚክስ መማሪያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ማይክሮስኮፑን ወደ ታሪክ ምዕራፍ ያዙሩት። ትምህርቱን በከበሮውና በማሲንቆው ይጀምሩ፣ ከዚያ ሁለቱን የኤሌክትሮን ክምሮች ያሳዩ፤ ቁጥሩንም ከነዜሮዎቹ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት።