አተላ የተባለው ሥዕል

የታይላንድን የቡድሃ ቤተ መቅደሶች የግድግዳ ሥዕል በሚመለከት አንድ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም የባንኮክ ቤተ መንግሥት ሥልት መለኪያው፥ የየክፍለ ሀገሩ ሥዕል ግን የዚያ ያልተዋጣለት ግልባጭ ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ከሥረ መሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን ሥራዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

በባንኮኩ ዋት ሱታት የሚታየው የእጅ ጥበብ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በቤተ መንግሥቱ ሥልት ወርቁና ውዝዋዜ መሰሉ አቋቋም ለነገሥታትና ለአማልክት የተሰጠ ሲሆን፥ ተራው ሕዝብ የሚሣለው በግርጌና በጥጋጥግ ነው። በሙያው ቋንቋ ይህ የሕዝብ ሥዕል «ፓፕ ካክ»፥ ማለትም የአተላ ሥዕል ይባላል። ሚዛኑ በማን እጅ እንደ ነበረ ቃሉ ብቻውን ያሳያል።

ወደ ሰሜን፥ ወደ ናን ሲዘለቅ አተላ የተባለው ዋናውን ቦታ ይዞ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በተሣለው በዋት ፑሚን ግድግዳ ላይ፥ ገላውን የተነቀሰ ጎልማሳ ለአንዲት ሴት በጆሮዋ ሲያንሾካሹክላት በሙሉ ቁመናው ይታያል። በሰሜን ምሥራቁ በኢሳን ደግሞ «ሲም» ወደሚባለው ትንሽ የምንኩስና አዳራሽ ሴቶች አይገቡም ነበር፤ ሆኖም በኮን ኬን እንደሚገኘው ዋት ቻይሲ ባሉት ላይ የጀግናው የሲንሳይ ታሪክ በውጭው ግድግዳ ጭምር ስለ ተሣለ ለሁሉም ዐይን ደርሷል።

«የኢሳን ሠዓሊ መጠንና ርቀት አያውቅም» የሚለውም ክስ ውኃ አያነሣም። በራማ 4ኛ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1851–1868) መነኩሴው ሠዓሊ ክሩዋ ኢን ኮንግ አውሮፓን ሳያይ፥ ከውጭ ከመጡ የታተሙ ሥዕሎች የምዕራባውያንን ሕንጻና የርቀት አሣሣል ወስዶ ፈር ቀዳጅ ተብሏል። በባንኮክ ያላየውን የሣለው ፈር ቀዳጅ ከሆነ፥ በኢሳን ያየውን የሣለው በምን ሚዛን ያልተማረ ይባላል?

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሲሞች ፈርሰው በማዕከላዊው ሥልት የተሠሩ ትልልቅ አዳራሾች ተተክተዋል፤ ሥዕሉም ከግድግዳው ጋር ጠፍቷል። ቀለሙ በደረቅ ልስን ላይ በሙጫ የተያዘ በመሆኑ፥ የተረፈውን ዝናብና ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ይበላዋል። «ግልባጭ ነው» የሚል ፍርድ የተሰጠበትን ግድግዳ ማን ከዝናብ ይከልለዋል?

ስለዚህ የሥዕል መምህራንና የቅርስ ጠባቂዎች ዳር ሀገሩን በማዕከሉ ክንድ መለካታቸውን ሊተዉ ይገባል። እያንዳንዱ ሥልት በተሣለለት ሕዝብ ሕይወት ይመዘን፤ የጥገናውም ተራ በዚሁ ሚዛን ይወሰን። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ የሚጻፍ ውዳሴ ሥዕል አይመልስም።