እግሩ ሳይድን የተጻፈ የእርቅ ወረቀት



በዚህ ዓምድ የሌላውን ጥፋት መንቀፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የራሴን ይዤ ቀርቤአለሁ።

በባሕር ዳር ከተማ ለትምህርት ቤታችን የመምህራን ክበብ ዳቦ በብስክሌት የሚያመላልስ አንድ ጎልማሳ አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የቤት አውቶሞቢል ምልክት ሳያሳይ ታጥፎ ገጨውና ቀኝ እግሩ ተሰበረ። በሳምንቱ የመኪናው ባለቤት ሽማግሌዎች አስከትሎ ሐኪም ቤት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብርቱካን ሳይቀር ይዞ ነበር። «ያሽከረከረው ሹፌሬ ነው፤ እኔ በስፍራው አልነበርሁም፤ ቢሆንም ስለ እግዚአብሔር ብዬ» ሲል 15,000 ብር አቀረበ። ተጎጂው በቤቱ የሚበላ አልነበረውምና ተቀበለ። «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» የሚለውን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተመሰገንሁበት የእጅ ጽሕፈት ለዚህ ዋለ።

ከአምስት ወር በኋላ አጥንቱ ስላልገጠመ እንደገና ይከፈት ተባለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጬ ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው። ይህ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ፣ በቁጥር 2081፣ ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ የመኪናው ባለቤት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ተጎጂው የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ብስክሌተኛው ራሱ አጥፍቶ እንደሆነ ካሣው ሊቀነስበት ይችላል እንጂ «እኔ አልነበርሁም» የሚለው ቃል ባለቤቱን አያድነውም። ካሣውም ከጉዳቱ ጋር እኩል ነው፤ የሕክምናው ወጪ ብቻ ሳይሆን ሳይሠራ የተኛባቸው ወራት ገቢ ይታሰባል። ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት ተሰጥቷል (ቁጥር 2143)፤ እኛ በሰባት ቀን ጨረስነው! መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው በሕግ የታዘዘ ሆኖ ሳለ፣ ስለ መድኑ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ይባስ ብሎ ቁጥር 3312 ተከራካሪዎች በስምምነት የጨረሱበትን ውል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጥረዋል፤ መብቴን ተሳስቼ ነበር ማለትም አያፈርሰውም።

እርቅን አልጠላም። ነገር ግን በየሰፈሩ ሽማግሌዎች ጸሐፊ ሲፈልጉ የሚጠሩት እኛን ደመወዝተኞቹን ነውና፣ ብዕር ከማንሣታችን በፊት የሐኪሙን የጽሑፍ ማስረጃ እንጠይቅ። ተጎጂው ተርቦ እንደሆነም «የተሰጠው ገንዘብ ለጊዜው መርጃ ነው፤ የቀረው የጉዳቱ ልክ ሲታወቅ ይታያል» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ይህ አንድ መስመር ነው፤ እኔ አልጻፍሁትም።

ባለቤቱን ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንሁት። በትሕትና ተቀብሎ፣ «መምህር፣ ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። ለሁለተኛው ሕክምና የክበባችን መምህራን ገንዘብ እያዋጣን ነው፤ ዳቦውን ለጊዜው ታናሽ ወንድሙ ያመጣል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከባሕር ዳር