ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ስለሚተርፈው የወባ ክኒን

በቆላ ወረዳዎች ለቍጥጥር በተዘዋወርንበት ጊዜ ሁሉ፥ በሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የወባ ክኒን ማየት የተለመደ ነገር ሆኖብናል። ባለቤቶቹን ስንጠይቅ፥ «ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ፤ የቀረውን ለልጆቹ አስቀመጥሁት» ይሉናል። እነዚህ ሰዎች ቸልተኞች አይደሉም፤ ቈጣቢዎች ናቸው። እህል ያስተረፈውን ጎበዝ የምንለው ከሆነ፥ መድኃኒት ያስተረፈውን ስለ ምን እንደምንወቅሰው ልናስረዳው ይገባናል። እኛ የጤና ሠራተኞች ግን የክኒኑን ቍጥር እንጂ ምክንያቱን አንናገርም። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

ፋልሲፓረም ለተባለው ክፉ የወባ ዓይነት በአገራችን ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሰጥ የቆየው ኮአርተም በአንድ ክኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒቶችን ይዟል፤ እነርሱም አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ናቸው። ለአዋቂ ሰው 24 ክኒን ይሰጣል፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ 4፥ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ የሚዋጥ ነው።

ክኒኑ በሆድ ውስጥ ከሟሟ በኋላ በአንጀት በኩል ወደ ደም ያልፋል፤ ደሙም አስቀድሞ ወደ ጉበት ይወስደዋል። ጉበት ባዕድ ነገርን እየለወጠ ለማስወገድ የሚተጋ ስለ ሆነ መድኃኒቱንም አይምረውም። አርቴሜተር ተሐዋስያኑን ፈጥኖ ይገድላል፥ ትኩሳቱንም ቶሎ ያበርዳል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ2 እስከ 3 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይጎድላል። ሉሜፋንትሪን ደግሞ ቀስ እያለ ተጠራቅሞ፥ ለብዙ ቀናት በደም ውስጥ ቆይቶ የተረፉትን ይለቅማል። እንግዲህ ትኩሳቱ ሲለቀው ክኒኑን የሚያቋርጥ ሰው አረሙን ከላይ አጭዶ ሥሩን እንደ ተወ ገበሬ ነው። የቀሩት ተሐዋስያን በየ48 ሰዓቱ እየተራቡ ሕመሙን ይመልሱታል። በውጭ አገር ስንማር መምህራችን መድኃኒት በደም ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ መስመር በሰሌዳ ላይ ይሥል ነበር፤ ያን ጊዜ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም መስሎን ነበር።

ሌላም ሳይነገር የሚቀር ነገር አለ። ሉሜፋንትሪን ወደ ደም ለመግባት ቅባት ይሻል። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚወሰደው እስከ 16 እጥፍ እንደሚደርስ በምርመራ ታውቋል። እኛ ግን «በወተት ዋጠው» ብለን ዝም እንላለን። ጿሚው ወተቱን ትቶ በውሃ ብቻ ይውጠዋል፤ 24ቱን ጨርሶም ላይድን ይችላል። የሚፈለገው ቅባት እንጂ ወተት ብቻ አይደለም፤ በዘይት የተሠራ ሽሮ ወጥም ያገለግላል። (ሕመምተኛ ስለ መጾሙ የሚጠይቀው የንስሐ አባቱን ነው፤ የእኛ ድርሻ ስለ ምግቡና ስለ ሰዓቱ መንገር ነው።)

በጎደለ መጠን የተመቱ ተሐዋስያን መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተለይተው ይተርፋሉ፤ የሚራቡትም እነርሱ ናቸው። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም መስጠት ቀርቶ በ1998 (እ.ኤ.አ.) በፋንሲዳር የተተካው፥ ፋንሲዳርም 6 ዓመት ብቻ አገልግሎ የተለወጠው ወባው ስለ ተቋቋማቸው ነው። አዲስ መድኃኒት በየጊዜው አይገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው 4 ክኒን ከምግብ ጋር በሠራተኛው ፊት እንዲዋጥ፥ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ መሆኑ እንዲነገር፥ ሁለት መድኃኒቶች መሆናቸውም እንዲገለጽ እናሳስባለን። ይህ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በቤት የተረፈ ክኒን ለልጅ አይሰጥ፤ የልጅ መጠን በክብደቱ የሚወሰን ነው፥ ትኩሳትም ሁሉ ወባ አይደለም። የተረፈው ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ። የሚቀበለውም ሠራተኛ አይቈጣ፤ ከተቈጣ ዳግመኛ የሚመልስለት አያገኝም።