ኮሶና ጅብራ፦ አንዱ መጥረቢያን፣ ሌላው ሙቀትን ይፈራል

ባለፈው ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ስናስተምር አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ኮሶም ጅብራም እየጠፉ ከሆነ ችግኝ ተክለን አናድናቸውም?" አለኝ። ጥያቄው ቀላል መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ለሁለቱ መልሱ አንድ አይደለም።

ኮሶን ጎንደር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ እንኳ በመጽሐፉ ጽፎለታል። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ኮሶ ሲይዛቸው የሴቴዋን ዛፍ አበባ አድርቀውና ፈጭተው፣ ምሬቱን ችለው ይጠጡት ነበር። ዛሬ ክኒን አለ። ዛፉን ለመድኃኒት ብሎ የሚጠብቀው ሰው ቀነሰ፤ ቀይ እንጨቱን ለቤት ዕቃ የሚፈልገው ግን አልቀነሰም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ግን አዋጅ ችግኝ አያበቅልም። ደግሞ የኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ ነው፤ አንዱ ከተቆረጠ የቀረው ብቻውን ዘር አይሰጥም።

ጅብራ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የስሜንን የሌሊት ውርጭ ቅጠሉን ሰብስቦ ያሳልፋል፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብብና ዘሩን በትኖ ይሞታል። ግንዱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጣውላ አይወጣውም። የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በ2080 ለጅብራ ከሚስማማው ቦታ በአማካይ 3.4 በመቶው ብቻ ይቀራል ብሎ ይገምታል፤ እሱም በአራት ተራሮች አናት ላይ። ቆላው ሽቅብ ሲገፋው ጅብራም ሽቅብ ይሸሻል፤ ከተራራው አናት በላይ ግን መሬት የለም።

እና የኔ ሐሳብ ይኸው። ኮሶ በእጃችን ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ባሕር ዛፍ ተክለን ፎቶ ከምንነሳ፣ የደባርቅ፣ የዳባትና የአምባ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤቶች ለምን ኮሶ አይተክሉም? ወንዴም ሴቴም እንዲገኝ በርከት አድርገው፣ ከከብት አጥረው። ጅብራን ግን ጎንደር ግቢያችን ተክለን አናድነውም። እሱን እዚያው ስሜን ላይ ከእሳትና ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ፣ ዘሩንም በጊዜ ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው።

"ሰው በተጨነቀበት ሰዓት ስለ አበባ ታወራለህ" የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ማገዶ ያጣውን ገበሬ አልወቅስም። ግን ያ ተማሪ አድጎ ልጁን ስሜን ሲወስድ ምን ያሳየዋል?

እስቲ በሰፈራችሁ የቆመ ኮሶ ካለ ጻፉልኝ፤ ዘሩን ከየት እንደምናገኝ እንነጋገር።