በማን ነው የምንስቀው? ስለ ቅርብ ዓመታት ፊልሞቻችን ደረጃ

ፊልም አይቶ ሲያበቃ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መከራከር የተማሪ ሁሉ ልማድ ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ በጩኸት ይጀመራል፥ በጩኸትም ያልቃል፤ ተከራካሪው ሁሉ በየራሱ ቍና ይሰፍራልና። አንዱ በሽልማት ይመዝናል፤ ሁለተኛው በተዋናይዋ መልክ፤ ሦስተኛው «ስንት ጊዜ አሳቀኝ» እያለ ይቈጥራል። እኛ በደብረ ብርሃን ብርድ፥ ብርድ ልብስ ተከናንበን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ስምንትና ዘጠኝ ሁነን የምንቀመጥ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፥ ለዚህ ጽሑፍ አንድ መስፈሪያ ብቻ ለመያዝ ተስማምተናል። እርሱም ይህ ነው፤ ፊልሙ የሚያሳየንን ሰው ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም?

ይህን መስፈሪያ ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ከመካከላችን የሚበዙት ከመንዝ፥ ከተጉለት፥ ከቡልጋ፥ ከይፋትና ከአንኮበር የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። በአዲስ አበባ ቪላ ውስጥ በሚሠሩት የፍቅር ኮሜዲዎች ግን የባላገር ሰው የሚገባው በአንድ በር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዘበኛው ወይም በቤት ሠራተኛዋ በር ነው። አፉን በከፈተ ቍጥር አዳራሹ ይስቃል። የሚሳቀው ዘበኛው ቀልድ ስለ ተናገረ አይደለም፤ እናቶቻችን እንደሚናገሩት ስለ ተናገረ ነው። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ መኝታ ቤታችን መጥቶ ይመልከት። እናቱ ስልክ ስትደውልለት ኮሪደር ወጥቶ በሹክሹክታ የሚያነጋግራት ጓደኛ አለን። «ስለ ምን?» ብለን ብንጠይቀው «ባነጋገሬ ትስቃላችሁ» አለን።

እንግዲህ ወደ ደረጃው እንለፍ። የወሰድነው ከ2008 ወዲህ የታዩትን ብቻ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቈጣጠር የጻፍናቸው ከፊልሞቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የታወቁት በውጭ አገር ፌስቲቫል ስለ ሆነ ነው።

አንደኛ፤ «ጤዛ»። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፥ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት ተቀብሏል። እኛ ግን ያስቀደምነው ስለ ሽልማቱ አይደለም። አንበርብር የተባለው ሰው ሕክምና ሊማር ጀርመን ይሄዳል፤ አገሩን ሊያገለግል በደርግ ዘመን ይመለሳል፤ በኋላም እንደ ገና በጀርመን ሳለ በዘረኞች እጅ አንድ እግሩን ያጣል። በ1990 ጣና ዳር ወዳለው የእናቱ መንደር ሲገባ፥ መንደሩ ከተማረው ልጁ መፍትሔ ይጠብቃል፤ እርሱ ግን የሚሰጠው የለውም። የመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ተደብቀዋል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዘመናችን ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ፊልም ውስጥ ባላገሩ ጌጥ አይደለም፤ ይጠረጥራል፥ ይሟገታል፥ ይጸልያል፥ የተማረውንም ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም ዲግሪያችንን ይዘን ስንመለስ የሚጠብቀን ጥያቄ ይኸው ነው። ጕድለቱ በጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለሱ ተመልካቹን ማድከሙ ነው፤ በሁለተኛው እይታ ግን ይጠራል።

ሁለተኛ፤ «ቁራኛዬ»። በ2019 የወጣው የሞገስ ታፈሰ ፊልም ነው። በዱሮው ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ባንድነት ይታሰሩ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። በአንዲት ሴት የተጣሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው ጋር ታስሮ ፍርድ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ጠላትህ ካልተራመደ አንተም አትራመድም፤ እርሱ ከተኛ አንተም ትተኛለህ። ከዚህ የበለጠ የድራማ አሳብ ከየት ይገኛል? አሳቡንም ከውጭ አልተበደርነውም፤ ከገዛ ሙግታችን የወጣ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ስንቱ ባለጉዳይ ያንን ዳገት ወጥቷል! በተለይ ያስደሰተን ግን ቋንቋው ነው። በኮሜዲው ላይ መሳቂያ የሆነው የባላገር አማርኛ እዚህ የጥበብ ቋንቋ ነው፤ ሰው የሚሟገትበትና ራሱን የሚያድንበት መሣሪያ ነው። ቅሬታችን ሁለቱ ወንዶች የሚጣሉባት ሴት ከነርሱ ያነሰ ቦታ ማግኘትዋ ነው።

ሦስተኛ፤ «ላምብ» (በግ ማለት ነው)። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ሲሆን በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለ እናቱ የሞተችበት ልጅ ከበጉ ጋር በተራራ አገር ከዘመዶቹ ዘንድ ይቀመጣል። አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያሳርደው ያስባል፤ ልጁ ደግሞ ከእርሻው ይልቅ ምግብ መሥራት ይወዳል። በግን በሚመለከት ፊልም ላይ የመንዝን ሰው የሚያታልል የለም። ለኛ አገር ሰው በግ ማለት ባናና ዝተት ነው፥ የዓመት በዓል ነው፥ ለተማሪ ልጅም ደብተር ነው። ልጅ በግ ሲወድ፥ ቤተ ሰቡ ደግሞ በጉን ሲፈልገው የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ፊልሙ አጎቱን ክፉ ሰው አያደርገውም፤ ድኻ ሰው ያደርገዋል። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው። ሦስተኛ ያደረግነው ተራራው በጣም አምሮ አንዳንድ ጊዜ ሰዎቹን ስለሚጋርዳቸው ነው።

አራተኛ፤ «ድፍረት»። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በጠለፋ የተወሰደች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ትሟገትላታለች። ታሪኩ በእውነት በተፈጸመ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ርእሱ ራሱ ጀግንነትንም መደፈርንም የሚያመለክት መሆኑ በአማርኛ ብቻ የሚገኝ ጥልቀት ነው። በ2014 በአዲስ አበባ የምረቃ ዕለት በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱ ስለ ፍርድ የሚናገረውን ፊልም ራሱን ባለጉዳይ አደረገው። ከሦስቱ በታች የዋለው ጠበቃዋን አጥብቆ እያወቀ የገጠሩን ሽማግሌዎች በሩቅ ስለሚያያቸው ነው።

አምስተኛ፤ «ፋያ ዳዪ»። ጄሲካ በሽር በሐረር አካባቢ ስለ ጫት ያነሣችው ጥቍርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ የወጣው በ2021 ነው። አይሰብክም፥ አይሰድብም፤ ቅጠሉን የሚለቅሙትን እጆች፥ ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ የሚያልመውንም ወጣት በትዕግሥት ያሳያል። ከፈተና በፊት በጫት የሚያነጋ ጓደኛ ያለው ሁሉ ይመልከተው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ቦታ የሰጠነው ለአንድ ፊልም ሳይሆን ከላይ ላነሣነው የቪላ ኮሜዲ ጠቅላላ ወገን ነው። እዚህ ላይ ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን ምክንያቱን ማየት አለብን። አዘጋጁ አንድ ቪላ ከተከራየ ልብስ ማሰፋት፥ ፈረስ መፈለግ፥ ሠራተኛውን ጭኖ ገጠር መውረድ አያስፈልገውም፤ ገንዘቡም መመለስ ስላለበት የታወቀውን ሳቅ ደግሞ ደጋግሞ መሸጥ ይቀለዋል። ድኽነቱን እንረዳለን። ነገር ግን ድኽነት የቦታውን ጥበት ይገልጽ ይሆናል እንጂ የአሳቡን ጥበት አይገልጽም። ዘበኛው ራሱ በአንድ ቪላ ግቢ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ የሚያድር ሰው አይደለምን? ካሜራውን ወደ እርሱ ማዞር ተጨማሪ ወጪ የለውም። ሳቅንም አንጠላም፤ ሽሙጥና ቅኔ ያሳደገን ሰዎች ነን። የምንለው ሰው በሠራው ይሳቅበት እንጂ በአገሩ አይሳቅበት ነው።

የመጨረሻውን ቦታ ያገኘው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» ነው። በ2019 ወጣ። የሚያሳዝነው አዘጋጁ ያው «ድፍረት»ን የሰጠን ዘረሰናይ መሆኑ ነው። በካሚላ ጊብ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ የሐረርን ኑሮና በአብዮቱ ዘመን የተሰደደውን ሕዝባችንን ሊያሳየን ይሞክራል፤ ነገር ግን ሁሉን የምናየው ዳኮታ ፋኒንግ በምትጫወታት በአንዲት እንግሊዛዊት ዐይን ነው። ዋና ዋናዎቹን ኢትዮጵያውያን የሚጫወቱት የውጭ አገር ተዋንያን ናቸው፤ የሚነጋገሩትም በእንግሊዝኛ ነው። እኛ የፈጠራ ሰው የሌላውን አገር ታሪክ አይንካ አንልም። የምንለው በቪላው ኮሜዲ ዘበኛው መሳቂያ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በዚህ ፊልም መላው አገር የሌላ ሰው ኀዘን ማጀቢያ ሁኗል ነው። አንዱ ይስቅብናል፤ ሁለተኛው ያለቅስብናል፤ ሁለቱም አያውቁንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምን ታደርጉታላችሁ፥ ፊልም የባለገንዘብ ሥራ ነው» ይሉናል። መልሳችን ፊልም ከገንዘቡ በፊት አሳብ ነው የሚል ነው። አሳብ ደግሞ በዚህ አገር ሞልቷል። የጓሳን ጭላዳ ዝንጀሮ የውጭ ካሜራ ብዙ ጊዜ ቀርጾታል፤ ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ ለብዙ መቶ ዓመታት ያኖረውን የመንዝ ገበሬ ሥርዓትና ሙግት ግን በተዋንያን ሲጫወት አላየንም። ወጣቱ ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ መግባቱ ራሱን የቻለ ፊልም ነው። የቅርቡም አለ፤ በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ ሰዉ በጭንቀት ያደረባቸው ሌሊቶች፥ ከወለጋም ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያ የኖሩት ቤተ ሰቦች። እነዚህን ሰዎች የሚያውቃቸው ካልጻፋቸው የማያውቃቸው ይጽፋቸዋል፤ ያን ጊዜም መናደድ አይጠቅምም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ «ጤዛ»ና «ቁራኛዬ» በዚህ ሴሚስተር በአዳራሽ ይታዩ፤ ከታዩም በኋላ ክርክር ይደረግ፤ ከከተማውም ሽማግሌዎች ይጠሩ፤ ስለ ቁራኛ ከኛ ይልቅ እነርሱ ብዙ ሰምተዋልና። ሁለተኛ፥ ይህ መጽሔት በየእትሙ ጥቂት ገጽ ለአጭር የፊልም ድርሰት ይተው። ካሜራ ባይኖረን እስክርቢቶ አለን።

በደረጃችን የማይስማማ አንባቢ ቢኖር የራሱን ደረጃ ጽፎ ይላክልን። አንድ ነገር ብቻ እንለምነዋለን፤ ከመጻፉ በፊት ፊልሙ ውስጥ ያለውን ባላገር ደጋግሞ ይመልከተውና «ይህን ሰው አጎቴ ቢያየው ራሱን ያገኝበታል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።