ርእሰ አንቀጽ፦ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ የሚጓዝ ሰው ሞጆ ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀበለው የቆዳ ሽታ ነው። ሽታውን ነፋስ ይወስደዋል፤ የሞጆ ወንዝ ተሸክሞት ወደ ቆቃ ሐይቅ የሚወርደውም በዓይን ይታያል፤ አጥኚዎችም በወንዙ ውስጥ ክሮሚየም ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ከመሬት በታች የሚሄደውን ግን ማንም አያየውም፤ ከጉድጓድ የሚጠጣው ሕዝብ ደግሞ የሚቀዳው ከዚያው ነው።

በዚህ ረገድ ስለሚሠራው ሥራ እኛ ተማሪዎችና መምህራኖቻችን በግልጽ መነጋገር ይገባናል። ስለ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ለመመረቂያ የሚቀርበው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው። ተማሪው አንድ ቀን በአውቶቡስ ይወርዳል፤ ባገኘው የመንደር ጉድጓድ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ይመለሳል፤ ቁጥሩን ከዓለም ጤና ድርጅት ልክ ጋር አስተያይቶ «ተበክሏል» ወይም «አልተበከለም» ብሎ ይፈርዳል። የመንደሩ ጉድጓድ ግን የተቆፈረው ውኃ ለማግኘት እንጂ ብክለትን ለመከታተል አይደለም። ከብዙ ንጣፍ ባንድ ላይ ስለሚስብ የላይኛውን ቆሻሻ በታችኛው ንጹሕ ውኃ ያቀጥነዋል፤ ፍርዱም የዚያኑ ያህል ቀጭን ይሆናል።

ነገሩን በእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም የሸለቆው ዓለት ራሱ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ወንጂን ማስታወስ ይበቃል። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለሠራተኞች መንደሮች ከተቆፈሩት ጉድጓዶች የወጣው ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር፤ የልጆችን ጥርስ አበላሸ፤ ለብዙ ዓመታት የጠጡትን ሠራተኞች አከርካሪና መገጣጠሚያ አደረቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ይህን ብዙ እጥፍ የሚያልፍ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። ይህን ያደረገው የእሳተ ገሞራ ዓለት እንጂ ፋብሪካ አይደለም። ጨውም በሸለቆው ውኃ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ቀድሞ የሚታወቀው በጨው ነው፤ ጥሬው ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ይታሻልና። እንግዲህ ከሞጆ በታች ጨዋማ ውኃ ቢገኝ ጥፋቱ የማን ነው? ባለፋብሪካው «የምድሪቱ ነው» ይላል፤ ነዋሪው «የፋብሪካው ነው» ይላል፤ አንድ ጠርሙስ የያዘው ተማሪ ለሁለቱም መልስ የለውም።

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። በካሊፎርኒያ ሂንክሊ በተባለች ትንሽ ሰፈር አንድ የጋዝ ኩባንያ ከ1952 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ክሮሚየም ስድስት ያለበትን የማቀዝቀዣ ውኃ ሥራቸው ባልተለበጠ ኩሬዎች ውስጥ ሲያፈስስ ኖረ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ለነዋሪዎቹ 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ እንኳ ከክሮሚየሙ ስንቱ የኩባንያው፣ ስንቱ የተፈጥሮ ነው የሚለው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ አከራክሯል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መከታተያ ጉድጓድ የሚቆፈረው በፋብሪካው ደጃፍ ሳይሆን ከፋብሪካው በላይ፣ ፍሳሹ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ነው። እርሱ ስለ ምድሪቱ ይመሰክራል፤ ሌሎቹ ከበታች ይሆናሉ። ዳሩ ግን «በላይ» እና «በታች» በዓይን ግምት የሚታወቅ አይምሰለን። ሳይንስ በወንጂ ስም የሚጠራው የስብራት ቀበቶ ይህን ሸለቆ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሰንጥቆታል፤ ውኃው ኮረብታው ወዳዘነበለበት ሳይሆን ስንጥቁ ወደ መራው ሊሄድ ይችላል። አቅጣጫውን ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ባንድ መስመር ሳይሆን በሦስት ማዕዘን ተቆፍረው፣ የቱቦዎቹ አፍ ከፍታ በቅየሳ መሣሪያ ተለክቶ፣ የውኃው ወለል ባንድ ቀን መነበብ አለበት። ሦስቱም ቢሆኑ መጀመሪያ ናቸው። ቅየሳ የተማረ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ልኬቱን በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል።

በግንባታው ቸልታ የሚያስከትለው ጉዳት ከሁሉ የከፋ ነው። ቱቦው ውኃ የሚያስገባ ቀዳዳ ሊኖረው የሚገባው ልንለካው በፈለግነው ንጣፍ ላይ ብቻ ነው፤ በዚያ ዙሪያ የታጠበ ደቃቅ ጠጠር ይሞላል፤ ከላዩ ውኃ ሲነካው የሚያብጠው ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ፣ ከእርሱም በላይ እስከ አፉ ድረስ ሲሚንቶ ይደረጋል። ይህ ማሸጊያ ከተጓደለ ብክለትን ልንከታተል የቆፈርነው ጉድጓድ ብክለቱን ሕዝብ ወደሚጠጣው ውኃ የሚያወርድ ቧንቧ ይሆናል። እንዲህ ያለው ባይቆፈር ይሻላል።

ናሙናውም የራሱ ሥርዓት አለው። በቱቦ ውስጥ ቆሞ የሰነበተ ውኃ የምድሩን ሁኔታ አይናገርም። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ 10 ሜትር ውኃ ቢቆም ወደ 20 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ነው፤ የተለመደው ደንብ የዚህ ሦስት እጥፍ ተቀድቶ እንዲወጣ ያዛል። ለውኃ ሰልፍ በሚያዝበት አገር ሦስት ጀሪካን ቀድቶ መጣል ነውር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለመንደሩ ሰዎች አስቀድሞ ማስረዳት ያሻል፤ የወጣውም በበርሜል ይያዝ እንጂ ሜዳ ላይ አይፍሰስ። የክሮሚየሙ ጠቅላላ መጠን የሚለካበት ናሙና ተጣርቶ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ክሮሚየም ስድስት የሚለካበት ግን አሲድ ሳይነካው፣ በበረዶ ተይዞ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ሁለቱን መለየት ግድ ነው፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሦስት በአብዛኛው አፈር ይዞ ያስቀረዋል፤ ስድስቱ ግን ከውኃው ጋር ይጓዛል፤ መርዝነቱም እጅግ የበረታ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቀድቶ ሰኞ የተመረመረ ናሙና ቁጥር አያጣም፤ ቁጥሩ ግን አይታመንም። ቅጂውም በግንቦት ከክረምቱ በፊትና በጥቅምት ከክረምቱ በኋላ፣ በየዓመቱ መደጋገም ይኖርበታል።

ፋብሪካ ይዘጋ አላልንም፤ ከዚያ እንጀራ የሚበላው ቤተሰብ ብዙ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ማን እንደ በከለ ባልተረጋገጠበት ግን አዋጁ የሚይዘው ሰው የለውም፤ በደል የሌለበት ባለፋብሪካም ነጻ የሚወጣበት መንገድ የለውም።

በበኩላችን የምንጠይቀው ይህን ነው። የጂኦሎጂ፣ የኬሚስትሪና የሲቪል ምሕንድስና ክፍሎች በየዓመቱ አሥር የተበታተነ ጽሑፍ ከሚያስጽፉ፣ ከውኃ ቢሮው ፈቃድ ወስደው አንድ የጋራ እቅድ ያውጡ፤ ጉድጓዶቹንም የዘንድሮው ተመራቂ ለመጪው ያስረክብ። ቱቦ ከመገዛቱ በፊት በእጅ የተቆፈሩት የመንደር ጉድጓዶች ቤት ለቤት ይመዝገቡ፤ ውኃ የሚቀዱት እናቶች ጣዕሙ መቼ እንደ ተለወጠ ከማንኛችንም በተሻለ ያውቃሉ። ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በሞጆ ይለጠፍ። የጉድጓዶቹ ክዳን ቁልፍም በዩኒቨርሲቲውና በመንደሩ የውኃ ኮሚቴ እጅ ይሁን እንጂ ለፋብሪካው ዘበኛ አይሰጥ።