የመጠበቂያውን ማን ይክፈል?

በአሽዶድ ባሕር ዳርቻ፣ ሊዶ ላይ ቆሞ ወደ ወደቡ የሚመለከት ሰው ተራ የሚጠብቁ የጭነት መርከቦችን ያያል። መርከብ ከተወሰነላት ጊዜ በላይ ቆማ ስትውል ኪሳራው በማን እንደሚታሰብ በውል ይጻፋል። የማኅበረሰባችን ዓሙታዎች የመንግሥት በጀት ሲዘገይባቸው ግን የመጠበቂያውን የሚከፍልላቸው የለም።

ነገሩ በ2020 እና በ2021 በግልጽ ታይቷል። ምርጫ በምርጫ ላይ ሲደራረብ የ2020 በጀት ሳይጸድቅ ቀረ፤ ክኔሴት በጀት ያጸደቀው በኖቬምበር 2021 ነው። እስከዚያ የመንግሥት ወጪ የሚለካው በየወሩ በቀድሞው በጀት አንድ አሥራ ሁለተኛ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕግና ውል ያሰራቸው ክፍያዎች ይቀድማሉ፤ አዲስ ድጋፍ ወረፋ ይጠብቃል። የትምህርት ዓመት በሴፕቴምበር፣ የበጀት ዓመት በጃንዋሪ ስለሚጀምር ደግሞ ዱላው የሚያርፈው በትምህርቱ አጋማሽ፣ ልጆቹ ለባግሩት ሲዘጋጁ ነው።

እንግዲህ ለጋሾችን፣ በተለይ በውጭ ያሉትን ፌዴሬሽኖችና ፋውንዴሽኖች፣ አንድ ነገር እንጠይቃለን። «መንግሥት ድርሻውን ሲያስገባ የእኛን እንለቃለን» የሚለውን ግዴታ በጀት በሌለበት ዓመት አንሱልን። በደህና ጊዜ መልካም ግዴታ ነው፤ መንግሥት እጁን እንዳይሰበስብ ያደርጋል። በጀት ሲጠፋ ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ይቆማሉ። ዓሙታው ሁለት ፊርማ ይዞ የባንክ ሒሳቡ ባዶ ይሆናል፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ብሔራዊው የኢትዮጵያውያን ፕሮጀክት ሲታቀድም በ9 ዓመት ወደ 660 ሚሊዮን ዶላር ታስቦለት ነበር፤ የመጣው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ድርሻችሁን ቀድማችሁ መልቀቅ ካልቻላችሁ የመንግሥቱ ገንዘብ እስኪገባ ያለ ወለድ አበድሩ። ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለሦስት ዓመት ቃል ግቡ፤ ገንዘቡም ለኪራይና ለደመወዝ ይዋል። (ምንዛሪውንም አትርሱ፤ በ2021 መጨረሻ ዶላር ወደ 3.1 ሼቄል ሲወርድ ያው ስጦታ ያነሰ ደመወዝ ነው የከፈለው።)

ደመወዝ ላይ የምንጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ የለመደው አስጠኚ፣ ብዙውን ጊዜ እንደ እኛ ያለ ተማሪ፣ የሁለት ወር ክፍያ ሲቀርበት ሌላ ሥራ ይይዛል። ገንዘቡ ዘግይቶ ቢመጣም እሱ አይመለስም። «ያ ልጅ የት ገባ?» እያሉ እናቶቻችን የሚጠይቁት ለጋሹን ሳይሆን እኛን ነው።

ክፍተቱን በበጎ ፈቃድ ሙሉት የሚሉን አሉ። አንድ ወር እንሞላለን፤ ሞልተንም እናውቃለን። የራሱ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ግን የሌላውን ልጅ ባግሩት እስከ ጁን ሊሸከም አይችልም።